የፊደላችን ስደት በኮምፒዩተር ቤት

ለዚህ የበዓል መጽሔት የታሪክ ጽሑፍ እንድናዘጋጅ በታዘዝን ጊዜ፥ ብዙዎቻችን ያሰብነው ስለ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ወይም መንቆረር የነበረችው ከተማችን ደብረ ማርቆስ ስለ መባሏ ለመጻፍ ነበር። ይህ ግን በየጊዜው የተጻፈ ስለ ሆነ የታሪክ መምህራችን «ራሳችሁን ያጋጠማችሁን ነገር ያዙና ሥሩን ፈልጉ» ብለው መለሱን። እኛን ያጋጠመን ነገር ከአንዲት ሲዲ የመጣ ነው።

ሲዲዋ የተገኘችው በቤተ መጻሕፍታችን ከአሮጌ መዝገቦች መካከል ነው። በላይዋ «የበዓል መጽሔት 1994 ዓ.ም.» ተብሎ በቀለም ተጽፎባታል። የታተመው መጽሔት በት/ቤቱ የቀረው አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ እርሱም መካከሉ ተቀዷል። የጠፉት ገጾች ት/ቤቱ ሲሠራ እንጨት የተሸከሙትን፥ ድንጋይ ያጋዙትንና ከኪሳቸው ያዋጡትን ወላጆች ስም የያዙ እንደ ነበሩ ከማውጫው ይታያል። ከመካከላችን አንዱ፥ ወንድ አያቱ ከነዚያ ሰዎች አንዱ እንደ ነበሩ በቤቱ ሲነገር ሰምቷል፤ ስማቸውን በጽሑፍ ግን አይቶ አያውቅም። ስለዚህ ሲዲዋ የተገኘች ቀን ደስታችን ቀላል አልነበረም።

ደስታው ግማሽ ሰዓት አልቆየም። ፋይሉ ያለ ችግር ተከፈተ፤ በውስጡ ያለው ግን አማርኛ አልነበረም። የላቲን ፊደል ከቅንፍ፥ ከዶላር ምልክትና ከቁጥር ጋር ተደባልቆ ገጹን ሁሉ ሞልቶታል። አንዱ ጓደኛችን «ይህስ የደብተራ አስማት ነው እንጂ የስም ዝርዝር አይደለም» ብሎ አሳቀን። ሲዲዋን ከዊንዶውስ አውጥተን ሊኑክስ ባለበት ኮምፒዩተር ላይ ብንከፍታት መልኩ ጥቂት ተለወጠ እንጂ ነገሩ ያው ሆነ። የጠየቅናቸው ሰዎች ሁሉ ፋይሉ ተበላሽቷል አሉን። እንዳልተበላሸ ለማወቅ ፊደላችን ወደ ኮምፒዩተር የገባበትን መንገድ ከመጀመሪያው መከተል አስፈለገን።

ወላጆቻችን ሁሉ ኮምፒዩተር የሚያዘወትሩ ስላልሆኑ፥ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው ምን እንደ ሆነ አስቀድመን እንናገር። በቀድሞ ዘመን በጌቶች ቤት ግብር በሚገባበት ጊዜ፥ በር ላይ ቆሞ እንግዳውን የሚቀበልና እንደየማዕረጉ የሚያስቀምጥ አጋፋሪ ነበር። ኦፐሬቲንግ ሲስተምም የኮምፒዩተሩ አጋፋሪ ነው። ኪቦርዱ የነገረውን ይሰማል፤ ለስክሪኑ ያቀብላል፤ ጽሑፉን በዲስኩ ላይ ቦታ ቦታውን ያስይዛል፤ ማተሚያውንም ያዛል። በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይ በይበልጥ የታወቁት ሦስት ናቸው፤ ዊንዶውስ፥ ማክና ሊኑክስ። ችግሩ፥ እነዚህ አጋፋሪዎች ሲወለዱ የሚያውቁት እንግዳ የላቲን ፊደል ብቻ መሆኑ ነው።

እርግጥ ችግሩ ከኮምፒዩተርም ይቀድማል። የጽሕፈት መኪና መጀመሪያ የተሠራው ለሃያ ስድስት ፊደል ነው። የእኛ ገበታ ግን 33 ፊደላት በሰባት በሰባት መልክ፥ በጠቅላላው 231 ናቸው፤ እነ ቋን፥ እነ ኳን፥ አኃዞችንና ነጥቦችን ስንጨምር ደግሞ ከ300 ያልፋሉ። ለዚህ ችግር በአማርኛ የጽሕፈት መኪና መፍትሔ ለማግኘት ከደከሙት መካከል የኢንጂነር አያና ብሩ ስም የታወቀ ነው። በአማርኛው መኪና ላይ ጸሐፊው መጀመሪያ የፊደሉን ግንድ ይመታል፥ ቀጥሎ እግሩን ወይም ክንፉን ይቀጥልበታል። ይህ የመቀጠል ዘዴ ኋላ በእኛ ሲዲ ላይ ስለሚመለስ፥ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን።

ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ የወጣው አስኪ የተባለው የቁጥር ሠንጠረዥ 128 ቦታ ብቻ ነበረው፤ በኋላ በልዩ ልዩ መንገድ ወደ 256 ሰፋ። ከ300 በላይ የሆነ ቤተሰብ በ256 ወንበር፥ ያውም አብዛኛው አስቀድሞ በተያዘ ወንበር እንዴት ይቀመጣል? በዚህ ጥያቄ ላይ ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ደክመዋል። ከነርሱም መካከል አቶ ፍስሐ አጥላውና በትምህርታቸው የእንስሳት ሐኪም የሆኑት ዶክተር አበራ ሞላ ይገኛሉ። ማን ቀደመ የሚለውን ክርክር ለባለቤቶቹ ትተነዋል። እኛን ያስገረመን ይልቁንም የእንስሳት ሐኪም ለፊደል መጨነቁ ነው።

ዊንዶውስ በአገራችን መሥሪያ ቤቶች በተስፋፋ ጊዜ የአማርኛ ፕሮግራሞች በዙ። ፓወር ግዕዝ፥ ቪዥዋል ግዕዝና ሌሎችም ነበሩ፤ እንዲያውም አንዱ «አጋፋሪ» ይባል ነበርና ምሳሌያችን የእኛ ፈጠራ ብቻ አይደለም። የሁሉም ብልሃት በመሠረቱ አንድ ነው። ኮምፒዩተሩ በቁጥሩ ቦታ የሚያስቀምጠው የላቲን ፊደል ነው፤ ፎንቱ ግን በዚያ ቦታ የእኛን ፊደል ሥዕል ይሥላል። አጋፋሪው ሳያውቅ እንግዳው የሌላ ሰው ካባ ለብሶ ገባ ማለት ነው። ቦታው ስላልበቃ ገሚሶቹ ገበታውን በሁለትና ከዚያም በላይ በሆኑ ፎንቶች ከፋፈሉት፤ ገሚሶቹም እንደ ጽሕፈት መኪናው ግንዱንና እግሩን ለየብቻ አስቀመጡ።

ይህ በጊዜው ትልቅ ሥራ ነበር። መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤያቸውን፥ ት/ቤቶች ፈተናቸውን ጻፉበት። ክፉው ነገር ሁሉም ሠንጠረዡን በየራሱ ማዘጋጀቱ ነው። በአንዱ ፕሮግራም «መ» የሆነው ቁጥር በሌላው «ጠ» ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ ቢሮ ጽሑፍ የሚልክ ሰው ፎንቱንም በፍሎፒ ጨምሮ መላክ ነበረበት። ፎንቱ ያልደረሰው ሰው የሚያየው ካባውን ብቻ ነው፤ እኛም ያየነው ያንኑ ነበር። በዲማ ጊዮርጊስና በመርጡለ ማርያም ያሉ የብራና መጻሕፍት ስንት መቶ ዓመት አልፏቸው ፊደል የቈጠረ ሁሉ ያነባቸዋል። የእኛ ሲዲ በ24 ዓመቷ ቋንቋዋ ጠፋባት።

በዚያው ዘመን ሌላ መንገድ የመረጡም ነበሩ። አቶ ዳንኤል ያዕቆብና ዶክተር ይትና ፍርድይወቅ ሴራ የተባለውን ሥርዓት አወጡ። ስሙ ለአማርኛ ጆሮ መጥፎ ቢመስልም ሥራው ቅን ነው፤ እያንዳንዱን የግዕዝ ፊደል በላቲን ፊደላት በማያሻማ መንገድ መጻፍ ነው። በዚህም የኢሜይል መልእክት በማንኛውም ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሊያልፍ ቻለ። ዛሬ በኪቦርድ «ሰ»ን ለማግኘት የላቲኑን ድምፅ የምንመታው ከዚህና ከመሰሎቹ በወረስነው ልማድ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን የኮምፒዩተር ክፍል እንመለስ፤ እርሱም ራሱ እንደ ሙዚየም ነው። በግድግዳው በኩል ዊንዶውስ ኤክስፒ ያላቸው አሮጌዎች አሉ፤ ይህ ሲስተም እ.ኤ.አ. በ2001 ወጥቶ የባለቤቱ ኩባንያ ጥገና በመጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. የተቋረጠበት ነው። በመካከሉ ያሉት ዊንዶውስ ሰቨን ናቸው፤ የነርሱም ጥገና በጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ቆሟል። በመምህሩ ጠረጴዛ አጠገብ ያሉት ዊንዶውስ ቴን ሲሆኑ፥ የነርሱም መደበኛ ጥገና በዚህ በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት 4 ቀን አበቃ። አዲሱ ዊንዶውስ ኢለቨን አዳዲስ ፕሮሰሰሮችንና ልዩ የደኅንነት መሣሪያ ስለሚጠይቅ ከኮምፒዩተሮቻችን አንዱም ለእርሱ አይበቃም። በበሩ በኩል ያሉት ሁለቱ ኡቡንቱ ሊኑክስ ናቸው፤ እነርሱንም የጫነልን የአንድ ጓደኛችን ወንድም፥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው።

ዊንዶውስን ሁላችንም እናውቀዋለን። በከተማችን ያሉ የኮምፒዩተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች የሚሠሩት በእርሱ ነው፤ ማተሚያው ይታዘዘዋል፤ ያልገባንን የምንጠይቀው ሰውም አይጠፋም። ያስለቀሰን ግን የፍላሽ ቫይረስ ነው። ባለፈው ዓመት የሥነ ሕይወት የቡድን ሥራችንን በፍላሽ ይዘን ጽሕፈት ቤት ደርሰን ስንመለስ ፎልደሮቹ ሁሉ ወደ አቋራጭ ምልክት ተለወጡ፤ ሲነኳቸውም የሚከፈት ነገር የለም። የወር ድካማችን ጠፋ ብለን ስናዝን፥ ያው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፍላሹን ኡቡንቱ ላይ ሰካው። እውነተኞቹ ፎልደሮችና አስመሳዮቹ ጎን ለጎን ተቀምጠው ታዩ! ቫይረሱ የተጻፈው ለዊንዶውስ ስለ ሆነ እዚያ ቤት ምንም ሊያደርግ አልቻለም፤ እኛም አስመሳዮቹን አንድ በአንድ ደመሰስናቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከክፍላችን ሦስታችን የሊኑክስ ወገን ሆንን።

ሊኑክስን የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 በሄልሲንኪ የ21 ዓመት ተማሪ ነበር፤ ከእኛ የሚበልጠው በሦስት ዓመት ብቻ ነው። ሥራውን ማንም እንዲያየው፥ እንዲያሻሽለውና እንዲገለብጠው ፈቀደ። ኡቡንቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 በደቡብ አፍሪካዊው በማርክ ሻትልወርዝ የተጀመረ ሲሆን፥ ስሙም ከደቡባዊ አፍሪካ ቋንቋዎች የተወሰደ ነው። እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ ሲዲውን ለጠየቀ ሁሉ በፖስታ በነጻ ይልኩ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ለእኛ አገር ተማሪ ስንት ዋጋ እንዳለው መናገር አያስፈልግም።

ሆኖም ወገን ሆንን ብለን ጉድለቱን አንሸሽግም። የክፍላችን ማተሚያ ለሊኑክስ አልታዘዝ ብሎ፥ አንዲት ጓደኛችን የሠራችውን ሠንጠረዥ ለማተም ሦስት ጊዜ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር ተመላልሳለች። እርስዋም «ነጻነታችሁን ወረቀት ላይ አውጡልኝና አምናችኋለሁ» ብላ ረታችን። ደግሞ በኡቡንቱ ተጨማሪ ፕሮግራም የሚገኘው በይበልጥ ከኢንተርኔት ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ፥ ነጻ የተባለው ፕሮግራም ሁሉ ከእኛ ባሕር ማዶ ሆኖ ነበር። ስለ ማክ ግን ብዙ አንናገርም፤ ዋጋው ስለማይቀመስ ያየነው በሩቁ ነው።

ወላጆቻችን ይህ ሁሉ የልጆች ጨዋታ እንዳይመስላቸው አንድ ነገር እንጨምር። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለከፊሎቹ ተማሪዎች በኮምፒዩተር ተሰጥቷል። አይጥ የምትባለውን የኮምፒዩተር መሣሪያ በፈተና ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጨብጥ ተማሪ የሚደርስበትን እናንተው ገምቱት።

አማርኛን በሚመለከት ሦስቱ ቤቶች ከመጀመሪያው አንድ ዓይነት አልነበሩም። በኤክስፒዎቹ ላይ ፎንት ካልጫንን የአማርኛ ጽሑፍ ባዶ ሣጥን እየሆነ ይደረደራል። ዊንዶውስ ሰቨን ንያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ ይመጣል። በኡቡንቱዎቹ ላይ አቢሲኒካ የተባለውን ነጻ ፎንት ጭነን እንጽፋለን። ይህ ለውጥ እንዴት መጣ ያልን እንደ ሆነ፥ የታሪካችን ትልቁ ቀን እዚህ ላይ ነው።

በዓለም ያሉትን ፊደላት ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ ለማስፈር የተነሣው ዩኒኮድ፥ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በሦስተኛው እትሙ የግዕዝን ፊደል 345 ምልክቶች አስገባ። ከዚያ ወዲህ «ሀ» 4608 ነው፤ «ለ» 4616፥ «ሐ» 4624፥ «መ» 4632 እያለ ለየቤተሰቡ ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጥቶት ይቀጥላል። «ደብረ» የሚለው ቃል 4848፥ 4709፥ 4648 ነው፤ በሄልሲንኪም ቢሆን፥ በቶኪዮም ቢሆን፥ በደብረ ማርቆስም ቢሆን። ፊደላችን የሰው ካባ አውልቆ በስሙ ተጠራ።

ነገር ግን ሕጉ ቢወጣም አጋፋሪዎቹ እስኪሰሙ ጊዜ ፈጀ። የግዕዝን ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ የመጣው ዊንዶውስ ቪስታ ለሕዝብ የቀረበው በጥር 22 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው። እዚህ ላይ እኛም መጀመሪያ ተሳስተን ነበር፤ ዩኒኮድ በፈረንጁ 1999፥ ቪስታ በእኛ 1999 ነውና በአንድ ዓመት የሆነ መስሎን። በመካከላቸው ከሰባት ዓመት በላይ አለ። ሲዲያችን የተጻፈችው በዚያ መካከል ነው። ሕጉ ወጥቷል፥ ጸሐፊው ግን አልደረሰውም።

ይህንን ከተረዳን በኋላ የቀረን ጥያቄ አንድ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል ነበር? የተጻፈበትን ፕሮግራም ከየትም አላገኘንም። በመጨረሻ መጽሔቱን የጻፉት የቀድሞ የት/ቤታችን ጸሐፊ፥ ጡረታ ወጥተው እዚሁ ከተማ እንዳሉ ሰማንና ጥቂት ገጾች አትመን ቤታቸው ሄድን።

«እትዬ፥ ይህንን ያውቁታል?» ብለን ወረቀቱን ሰጠናቸው።

መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ተመለከቱት። «እኔ እንግሊዝኛ የት አውቄ ልጆቼ» አሉ። እንግሊዝኛ አለመሆኑን፥ እርሳቸው የመቱት አማርኛ ካባውን ገፍፎ መሆኑን አስረዳናቸው። ዝም ብለው ቆዩና ወረቀቱን ወደ ጎን አድርገው ሁለት እጃቸውን በጠረጴዛው ላይ ዘረጉ፤ ኪቦርድ ያለ ይመስል። ከዚያም «ይቺን ፊደል አንብብልኝ፤ የት ነው ያለችው? በግራ? ከላይ?» እያሉ ይጠይቁን፥ ጣታቸውንም እዚያው ቦታ ላይ ይመቱ ጀመር። «ይሄ ደ ነው። ቀጥሎ ያለው እግር ነው፤ ለረጃጅሞቹ ይኸኛው፥ ለአጫጭሮቹ ያኛው።» ዓይናቸው ያላወቀውን ጣታቸው አወቀው። ትምህርታቸው በጽሕፈት መኪና ስለ ነበረና ፕሮግራሙም በዚያው በመቀጠል ዘዴ ስለ ተሠራ፥ በወረቀቱ ላይ የቀረው የላቲን ፊደል ያኔ የመቷቸው ቁልፎች ምልክት ነበር። ቡና አፍልተው እስኪያጠጡን ድረስ ሠንጠረዡን ከግማሽ በላይ በደብተራችን ላይ ጽፈን ነበር።

ሥራውን የሠራነው በኡቡንቱው ኮምፒዩተር ላይ፥ ፈልጎ በሚተካው ትእዛዝ ነው። በመጀመሪያው ቀን «በ»ን ቀድመን ስለ ለወጥን የ«ቡ» እግር ብቻዋን ቀረች፤ የ«ቢ»ም እንዲሁ። ገጹ ሁሉ እግር ብቻ ሆነ። ስለዚህ ሁለት ሁለት የሆኑትን አስቀድሞ፥ ብቸኞቹን በኋላ መለወጥ እንዳለብን ተማርን። በሁለተኛው ቀን መብራት ሄዶ ሳናስቀምጥ የሠራነው ጠፋ። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝርዝሩ ተነበበ። አንድ ቅጂ ለዊንዶውስ ሰቨኑ፥ አንድ ቅጂ ለእጅ ስልካችን ሰጥተን ሞከርነው፤ በሦስቱም ላይ ያው ስም፥ ያው ፊደል ሆኖ ታየ።

በዝርዝሩ 41 ሰዎች አሉ፤ 37ቱ ስማቸው ሙሉ ነው። በአራቱ ስም ውስጥ ግን የጥያቄ ምልክት ገብቷል። እትዬ እንደ ነገሩን አንዳንዶቹን ፊደላት የሚጽፉት አንድ ቁልፍ ተጭነው ቁጥር በመምታት ነበር፤ እነዚህ ከ128 በላይ ያሉ ቁጥሮች ናቸው። ፋይሉ በሲዲው ላይ ከመገልበጡ በፊት በሌላ ፕሮግራም ሲያልፍ ያላወቃቸውን ቁጥሮች በጥያቄ ምልክት ሳይለውጣቸው አልቀረም፤ ያንን ጣትም ሆነ ሠንጠረዥ አይመልሰውም። የጓደኛችን አያት ስም ከነዚህ ከአራቱ አንዱ ሆነ። የጎደለው ከአባታቸው ስም አንድ ፊደል ስለ ነበረ ቤተሰቡ ሞላልን።

ሦስቱን ስሞች ግን በዚህ መጽሔት ውስጥ ከነጎደሎአቸው አትመናቸዋል። እንዳነበብነው አንደኛው በ«ገ» ይጀምርና ሁለተኛው ፊደል የለውም፤ የሁለቱ ደግሞ የአባታቸው ስም መጨረሻ ጠፍቷል። በት/ቤቱ ቅጂ የተቀደዱት ከገጽ 31 እስከ 34 ያሉት ናቸው። የ1994ቱን መጽሔት በቤቱ ያስቀመጠ ወላጅ ወይም የቀድሞ ተማሪ ካለ፥ ገጽ 33ን ተመልክቶ ወደ ቤተ መጻሕፍታችን ብቅ እንዲልልን እንለምናለን።